የአባቴ የውስጥ ለውስጥ መንገድ

መብራት ጠፍቶ በቆመ ተንቀሳቃሽ ደረጃ ላይ ወጥታችሁ ታውቃላችሁ? በትልልቆቹ የገበያ ሕንፃዎች ውስጥ ያለውን ማለቴ ነው። ደረጃው መቆሙን በዓይናችሁ ታያላችሁ፤ እንደማይንቀሳቀስም ታውቃላችሁ። የመጀመሪያውን እግር ስታሳርፉ ግን ሰውነታችሁ ወደ ፊት ይንገዳገዳል። ደረጃው የሚሄድ መስሎት እግራችሁ ቀድሞ ተዘጋጅቷላ! እናንተ ያወቃችሁትን እግራችሁ አልሰማም።

ይህ አጋጥሟችሁ ከሆነ ልነግራችሁ የምፈልገውን ግማሹን ይዛችኋል። እግር የራሱ የሆነ እውቀት አለው። ወደ ታክሲ ተራ ስንሮጥ «አሁን ቀኝ፣ አሁን ግራ» እያልን አናዝዘውም፤ እኛ ስለ ሰዓቱ እናስባለን፣ እሱ ይሄዳል። የራሱ እውቀት የጠፋበት እግር ምን እንደሚሆን፣ ከጠፋም በኋላ በየት በኩል ዞሮ መሄድ እንደሚችል ያስተማረኝ የአባቴ ፓርኪንሰን ነው። አስተማሪ ብሆንም ይህንን ትምህርት ስማር ሰነፍ ተማሪ ነበርኩ።

አባቴ ጡረታ የወጣ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ የምንኖረው እሱና እኔ ብቻ ነን። ታላቅ ወንድሜ አግብቶ ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ ይኖራል፤ የብረታ ብረት ሥራ ቤት አለው። እኔ ከቤታችን በእግር አሥር ደቂቃ በሚያስኬድ ትምህርት ቤት ሁለተኛ ክፍል አስተምራለሁ።

የአባቴ ሕመም ከታወቀ ሁለት ዓመት አልፎታል። የጀመረው ከቀኝ እጁ አውራ ጣት ነው። ጭኑ ላይ አሳርፎ ሬዲዮ ሲሰማ ጣቱ ብቻውን ይንቀጠቀጣል፤ ብርጭቆ ለማንሳት እጁን ሲዘረጋ ደግሞ ይቆማል። ሐኪሙ ሲያስረዳን በደብተር ጻፍኩ። አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባል ንጥረ ነገር የሚያመርቱ ሴሎች አሉ፤ ዶፓሚን እንቅስቃሴያችን ሳናስብበት በቅልጥፍና እንዲሄድ የሚረዳ መልእክተኛ ነው። ፓርኪንሰን ያለበት ሰው እነዚህ ሴሎች ቀስ በቀስ እየቀነሱበት ይሄዳሉ። መድኃኒቱ የጎደለውን ለጥቂት ሰዓታት ይተካል፤ ስለዚህ ሰዓቱ መዛነፍ የለበትም። «መንቀጥቀጥ፣ መገተር፣ መዘግየት» ብዬ ጽፌ ከሥሩ በቀይ አሰመርኩበት። የመድኃኒቱን ሰዓት ልክ እንደ ክፍል የትምህርት ፕሮግራም በሠንጠረዥ አዘጋጅቼ ከማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፍኩ። በራሴም ረካሁ።

ሐኪሙ ግን ሌሎች ሁለት ነገሮችም ተናግሮ ነበር። «ፊቱ ስሜቱን እንደ ድሮው ላያሳይ ይችላል፤ ድምፁም እየቀነሰ ሊሄድ ይችላል» ብሎ ነበር። እነሱንም ጽፌያቸዋለሁ፤ አላሰመርኩባቸውም እንጂ። መከራችን ሁሉ የመጣው ከዚያ ካልተሰመረበት ነው።

እኔና ወንድሜ ከአባታችን ቅንድብ ትእዛዝ እየተቀበልን ያደግን ልጆች ነን። አባዬ እንግዳ ፊት አይቆጣም። የግራ ቅንድቡ ከፍ ካለ «ወደ ጓዳ ግቡ» ማለት ነው። ሁለቱም ዝቅ ካሉ ነገር ተበላሽቷል፤ ማታ ጠብቁ። ቦታቸው ላይ ከሆኑ ፈቅዷል። ከልጅነታችን ጀምሮ «እንሂድ?» ብለን ጠይቀን መልሱን ከአፉ ጠብቀን አናውቅም፤ ቅንድቡን አይተን እንሮጣለን። እና ሕመሙ ቅንድቦቹን ሲያቆማቸው እኛ ማንበባችንን አላቆምንም።

አንድ እሑድ ወንድሜ ምሳ ሊጋብዘን መጣ። አባዬን ይዘን ሰባ ሁለቱን ደረጃዎች ወረድን። አዎ፣ ቆጥሬያቸዋለሁ። ምድር ላይ ደርሰን ከሕንፃው መውጫ ወደ ግቢው በር የሚወስደውን የሲሚንቶ መንገድ ስንጀምር አባዬ ቀጥ አለ።

«ምነው አባዬ?» አልኩት።

«እግሬ...»

«ምን ሆነ?»

«ማስቲሽ የረገጥኩ መሰለኝ።»

ወንድሜ እጁን ይዞ ሳብ አደረገው። የአባዬ ደረትና ጭንቅላት ወደ ፊት መጡ፤ እግሮቹ ግን እዚያው ቀሩ። ሊደፋ ሲል ምድር ቤት የሚኖሩት ጎረቤታችን ከጎን ደርሰው ደገፉት። እትዬ በራቸው ላይ ተቀምጠው ምስር ሲለቅሙ ነበር፤ ሰፌዱን ጥለውት ነው የተነሡት።

«ኧረ ቀስ! ምን ነካችሁ ልጆች?» አሉን። «ሰው እኮ ነው፤ ፍሪጅ መሰላችሁ የምትጎትቱት?»

ምሳው ቀረ። ወንድሜ የተበተነውን ምስር እየሰበሰበ ወዲያው ብይን ሰጠ፦ «ሰባ ሁለት ደረጃ ወርዶ እግሩ አይዝል ታዲያ? አራተኛ ፎቅ ከዚህ በኋላ የአባዬ ቤት አይደለም።» እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። ተማሪዎቼን ቀኑን ሙሉ «እንዴት አወቅህ? እንዴት አወቅሽ?» እያልኩ የማስጨንቅ ሰው፣ ወንድሜን እንዴት አወቅህ አላልኩትም።

መፍትሔውም እዚያው በር ላይ ተገኘ። በኮንዶሚኒየም የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ ሽማግሌ ወይም ሕመምተኛ ያለበት ቤተሰብ ከምድር ቤት ነዋሪ ጋር ቤት ለቤት ይቀያየራል። እትዬ ደግሞ ከምድር ቤት የመሸሽ ጉጉት ነበራቸው። «እኔ እኮ የዚህ ሕንፃ መረጃ ክፍል ሆኛለሁ» አሉ። «እትዬ ውሃ መጣች? እትዬ ጥበቃው የት ሄደ? ኳሱስ? ስንት ጊዜ ነው መስኮቴን የሚደበድበው! ውሰዱኝ ወደ ላይ!»

ከሦስት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ጠዋት እንድንቀያየር ተስማማን። ወንድሜ ማታ አባዬ ፊት ቁጭ ብሎ «አባዬ፣ ታች ይሻልሃል አይደል?» ሲል ጠየቀው። ሁለታችንም ቅንድቡን አየን። ቦታው ላይ ነው።

«እሺ ብሏል» አለ ወንድሜ፤ ስልኩ ጮኸ፤ እያወራ ወጣ።

እኔ ሥርዓት የምወድ ሰው ነኝ። ያለ ዝርዝር ዕቃ አይነሣም። በሚቀጥለው ቀን ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት ለአባዬ አንድ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጥቼ «ወደ ታች የሚወርዱትን ዕቃዎች ጻፍልኝ» አልኩት። እጁም ይፍታታ፣ ሥራም ይሁነው ብዬ ነው።

ከሰዓት በኋላ ስመለስ ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር። የመጀመሪያው ቃል «አልጋ» የሚለው ድሮ የማውቀው የአባቴ ጽሕፈት ነው፤ ሁለተኛው አነስ ይላል፤ ሦስተኛው ከዚያ ያንሳል። ወደ ታች በወረድኩ ቁጥር ፊደሎቹ እየጠበቡ መጨረሻው መስመር ላይ የጤፍ ፍሬ አክለዋል። ጽሕፈት እያነሰ መሄዱ የዚሁ ሕመም አንዱ ምልክት መሆኑን ያኔ አላውቅም ነበር። ግን በየቀኑ የስልሳ ልጅ ደብተር የማርም ሰው ነኝ፤ የማላነበው ጽሕፈት የለም የሚል ኩራት አለኝ። በስልኬ ፎቶ አነሣሁትና በሁለት ጣት አሰፋሁት።

አልጋ። ወንበር። ሬዲዮ። የእናታችሁ ፎቶ። የሻይ ማንቆርቆሪያ። ከዚያ የመጨረሻው መስመር፦

«መስኮቱንስ እንዴት ታወርዱታላችሁ?»

ስልኩን ይዤ ቆምኩ። መስኮቱ ማለት የአባዬ ወንበር የሚቀመጥበት፣ ወደ ዋናው መንገድና ወደ ታክሲ ተራው የሚያይ መስኮት ነው። አባዬ ጠዋት ከመድኃኒቱ በኋላ እዚያ ተቀምጦ የጀሞን ሹፌሮች ሁሉ ይፈትናል። «ይሄ ፍሬኑን ሊያስጠግን ይገባዋል። ያኛው በሁለተኛ ማርሽ መውጣት ሲገባው... ይኸው ጠፋበት! ተራ አስከባሪው ዛሬ ዘግይቷል።» ከምድር ቤቱ መስኮት የሚታየው የጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ ብቻ ነው።

ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። «አባዬ፣ ወደ ታች መውረድ አትፈልግም?»

ከዚያም ጠበቅኩ። መምህራን ስንሠለጥን የተማርነው ነገር አለ፤ ጥያቄ ከጠየቃችሁ በኋላ በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ፣ ቀስ ብሎ የሚያስብ ተማሪ ዕድል እንዲያገኝ። ለሁለተኛ ክፍል ልጆች የማደርገውን ለአባቴ አድርጌለት አላውቅም ነበር። ሰባት ላይ ስደርስ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

«አልፈልግም» አለ። ድምፁም እንደ ጽሕፈቱ አንሷል።

«ታዲያ ወንድሜ ሲጠይቅህ ለምን አልተናገርክም?»

«ተናገርኩ እንጂ። ስልክ እያወራ ነበር።»

«ፊትህ ላይ ግን ምንም...»

«ፊቴ ምን አለ?»

«ምንም አላለም።»

«እሱ ነዋ ችግሩ» አለኝ። «ፊቴን ትጠይቃላችሁ። እኔ እዚህ ቁጭ ብያለሁ።»

አፍሬ ነበር፤ ግን ለማፈር ጊዜ አልነበረኝም። ለቅዳሜው የቀረው ከሦስት ሳምንት ያነሰ ጊዜ ነው። አባዬ መስኮቱን መፈለጉን ማወቄ ደግሞ ወንድሜን መልስ አያሳጣውም፤ ደረጃው በእርግጥ የሚጥለው ከሆነ የትኛውም መስኮት ዋጋ የለውም። ስለዚህ ያንን ያልጠየቅኩትን ጥያቄ ጠየቅኩ። እንዴት አወቅን?

አዲስ ደብተር አወጣሁና አራት ዓምድ አሰመርኩ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ምን ሲያደርግ ነበር። እግሩ በተጣበቀ ቁጥር እመዘግባለሁ፤ እኔ ትምህርት ቤት ስሆን እሱ ይነግረኛል። በሳምንቱ መጨረሻ ደብተሩን ገልጬ የቦታውን ዓምድ በጣቴ እየተከተልኩ ወረድኩ። የመታጠቢያ ቤት በር። ኮሪደር። የመታጠቢያ ቤት በር። የመኝታ ቤት በር። የሕንፃው መውጫ። ኮሪደር። በሳምንቱ ውስጥ ሦስት ጊዜ ወርደን ወጥተናል። «ደረጃ» የሚለው ቃል ግን የትም የለም!

«አባዬ!» ብዬ ጮህኩ። «ደረጃው ላይ ተጣብቀህ ታውቃለህ?»

እሱም እንደ ማሰብ አለና «አላውቅም» አለ። «ደረጃውማ ደረጃ ነው። እዚህ ሜዳው ላይ ነው ጉዱ።»

እስኪ አስቡት። ሁላችንም ጠላት ያልነው ሰባ ሁለቱን ደረጃ ነው፤ አባዬን ልናወርደው የተዘጋጀነው ደግሞ ወደ ሜዳው ነበር።

የአባዬ የሆስፒታል ቀጠሮ ቀን ደረሰ። ወደ መካኒሳ አቅጣጫ በታክሲ ሄደን ወረድን፤ ሆስፒታሉ ያለው ከዋናው መንገድ ማዶ ነው። አባዬ እግረኛ መንገዱ ላይ እግሩን እየጎተተ በትንንሽ እርምጃ መጣና ጠርዙ ላይ ተጣበቀ። ከኋላችን ሰው ተሰበሰበ። ክንዱን ብቻ ይዤ፣ ሳልጎትት፣ ጠበቅኩ። ከዚያ ዓይኑ ወደ ታች ወደ ዜብራው ወረደ፤ አንድ እግሩን አንሥቶ የመጀመሪያው ነጭ መስመር ላይ አሳረፈ። ቀጥሎ ሁለተኛው ላይ። ሦስተኛው ላይ። ሄደ! ያ ድሮ መሪ ጨብጦ ሲቀመጥ የማውቀው ሰውዬ፣ ቀጥ ብሎ፣ እግሩን ከፍ እያደረገ፣ እኔን አስከትሎ መንገድ አቋረጠ። መሐል ላይ ወደ ዜብራው የተጠጋ ሚኒባስ አይቶ እጁን አነሣና «ወደ ኋላ!» አለው። ሚኒባሱም ወደ ኋላ አለ። ማዶ ደርሰን ለስላሳው እግረኛ መንገድ ላይ ሲወጣ እንደገና ተጣበቀ።

እኔ መንገድ ዳር ዘለልኩ። እውነቴን ነው፣ ቦርሳዬን አቅፌ ዘለልኩ።

«ምን ያስዘልልሻል?»

«አባዬ፣ መስመር! እግርህ መስመር ሲያይ ይሄዳል! ደረጃም እኮ መስመር ነው፤ አንዱ ከአንዱ በላይ የተደረደረ መስመር!»

«ጉድ ነው» አለ። «ዕድሜዬን በሙሉ ዜብራ ላይ የሚንቀራፈፍ እግረኛ ስሳደብ ኖሬ።»

የእንቅስቃሴ ሕክምና የምትሰጠው ፊዚዮቴራፒስት እንደኔ ወጣት ናት። ደብተሬን ሳሳያት ዓምዶቹን አይታ ሳቀች፤ በመደሰት ነው የሳቀችው። ነገሩ የታወቀ መሆኑን አስረዳችን። ሳናስብበት የምንራመድበት የአንጎል መንገድ ዶፓሚን ሲያንሰው ይደናቀፋል፤ በተለይ በር ላይ፣ ጠባብ ቦታ ላይ፣ ስንዞር፣ ስንቸኩል። ዓይን ግን አንድ መስመር አይቶ «ይህንን ተሻገር» ሲል እርምጃው የታሰበበት ይሆናል፣ ትእዛዙም በሌላ በኩል ያልፋል።

አባዬ ወደ ፊት ዘንበል አለ። «ዋናው መንገድ ሲዘጋ በውስጥ ለውስጥ መግባት ማለት ነዋ!»

እሷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ጋሼ፣ ይህንን ለሌሎች ታካሚዎቼ ልንገራቸው?»

«ንገሪ። የውስጥ ለውስጥ መንገድ የማያውቅ ሹፌር ጀሞ አይደርስም በያቸው።»

ከዚያ መለማመጃው ደረጃ ላይ ወስዳ እንዲወጣና እንዲወርድ አደረገችው፤ ደጋግማ አየችው። የሰጠችንን ማስጠንቀቂያ እኔም ለእናንተ ሳልነግራችሁ ማለፍ አልችልም። ሁሉም ሰው እንደ አባቴ አይደለም፤ ደረጃ የሚያስቸግራቸውም ብዙ ናቸው፣ ስለዚህ ባለሙያ ይያቸው። አባዬም ቢሆን ብቻውን አይወጣም፣ አይወርድም፤ እጁ ድጋፍ ይይዛል፤ አብሮት ያለው ሰው ሁልጊዜ ከእሱ በታች ባለው በኩል ይሆናል። የመድኃኒቱ ኃይል እያለቀ ባለበት ሰዓት ደረጃ የለም። ሲዞር ደግሞ አታዋሩት።

ቤት እንደደረስን ከትምህርት ቤት ያመጣሁትን ጠመኔ አወጣሁ። የቤታችን ወለል ግራጫ ሊሾ ነው፤ ለጠመኔ የተፈጠረ! ተንበርክኬ ከመኝታ ቤቱ በር እስከ መስኮቱ ድረስ ሁለት የተስተካከሉ ረጃጅም መስመሮች ጎን ለጎን አሰመርኩ። አባዬ በሩ ላይ ቆሞ አያቸው። አልተነቃነቀም።

«መምህርት» አለኝ።

«አቤት።»

«ይሄ እኮ የመኪና መስመር ነው። እኔ መኪና ነኝ? ዜብራ አግድም ነው።»

በእርጥብ መወልወያ አጠፋሁት። ቀጥሎ አግድም አሰመርኩ፤ በደንብ እንዲረዳው ብዬ በጣም አቀራረብኩት። እሱም መስመሮቹን እያከበረ ጠብ ጠብ እያለ መጣ።

«አሁን ደግሞ ሙሽራ አደረግሽኝ።»

ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። እንደገና መወልወያ። በሦስተኛው የክፍሌን ባለ አንድ ሜትር የእንጨት ማስመሪያ አምጥቼ ግማሽ ግማሽ ሜትር እየለካሁ ደማቅ መስመር አሰመርኩ። አባዬ የመጀመሪያውን አየ፤ እግሩን አነሣ፤ ተሻገረ። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን። ስምንት መስመር ሲጨርስ እጁ የመስኮቱን ደፍ ያዘ። ፊቱ ያው ነበር፤ እኔ ግን ፊቱን ማየት ትቼ «እንዴት ነው?» ብዬ ጠየቅኩት፤ ጠበቅኩትም።

«መንገዱ ተከፍቷል» አለ።

ለቅዳሜው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ዕለት፣ ውጭ ኮሪደሩ ላይ፣ ከደረጃው እስከ በራችን ድረስ እያሰመርኩ ሳለ እትዬ ሜትር ይዘው ወጡ። ለመጋረጃ መስኮታችንን ሊለኩ ነው የመጡት።

«መምህርት፣ በዚህ ዕድሜሽ ሰኞ ማክሰኞ ልትጫወቺ ነው?»

ሁሉንም አስረዳኋቸው፤ ማስረዳት እንደምወድ ገብቷችኋል። አባዬም ከበሩ ወጥቶ ስምንት መስመር አልፎ አሳያቸው። እትዬ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፤ ከዚያ በእጃቸው ያለውን ሜትር አዩት።

«እና እኔ ከኳሱ ጋር ልቀር ነው?» አሉ።

 እሳቸውም መብት አላቸው፤ ቃል ተገብቶላቸዋል። «ቅዳሜ ሁላችንም ባለንበት ይወሰን» አልኳቸው። ሜትራቸውን ጠቅልለው ወረዱ፤ መስኮቱን ግን ሳይለኩ ነው የወረዱት።

ቅዳሜ ጠዋት ወንድሜ ጭነት መኪናና ገመድ ይዞ መጣ። በዓይኑ እንዲያይ ብዬ እስከዚያ አልነገርኩትም ነበር። አልጋውን ሊፈታ ሲል ፊቱ ቆምኩ።

«አንድ ነገር ካላየህ ዕቃ አይነሣም» አልኩት።

«ክፍልሽ መሰለሽ እንዴ?»

«አዎ። ተቀመጥ... አይ፣ ተነሣ። እንውረድ።»

አባዬ መድኃኒቱን በሰዓቱ ወስዷል፤ ጥሩ ጃኬቱን ለብሷል። በደብተሩ ያለውን ሁሉ ለወንድሜ እየነገርኩት ደረጃውን ወረድን። ከዚያ ወደ እትዬ ቤት ሄድን። ቤታቸው ሊለቁት ስለተዘጋጁ ባዶ ነው፤ ወለሉ አንድ ዓይነት ቀለም ያለው የሚያብለጨልጭ ሴራሚክ ነው፤ በሩ ጠባብ ነው። አባዬ በሩ ላይ ተጣበቀ። ወንድሜ ለመሳብ እጁን ዘረጋ። ያዝኩት።

ፊዚዮቴራፒስቷ ያስተማረችኝን አደረግኩ። ጫማዬን ከአባዬ እግር ፊት አግድም አኖርኩና «እግሬን ተሻገር» አልኩት። ወደ ታች አየ። እግሩን አነሣ። ተሻገረ፤ ገባ።

ወንድሜ ጫማዬን አየ፤ አባቱን አየ። «ድገሚው እስኪ» አለ። ደገምነው። «እኔ ልሞክረው» አለ። የእሱንም ጫማ አባዬ ተሻገረው። እትዬ ከጥግ ሆነው «ፍሪጁ መሄድ ጀመረ!» ብለው አጨበጨቡ።

«አሁን ወደ ላይ» አልኩ።

አባዬ ከፊት፣ ወንድሜ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ከኋላ፣ እኔና እትዬ ተከትለን። አባዬ የደረጃውን መደገፊያ ብረት ይዞ እያንዳንዱን ደረጃ እያየ፣ ሳይቸኩል፣ ሳይቆም ይወጣል። አንደኛ ፎቅ። ሁለተኛ ፎቅ። ሦስተኛው ላይ የሚያለከልክ ሰው ድምፅ ሰማን። ወንድሜ ነው። ቀኑን ሙሉ ብረት የሚያነሣ ሰው ግን ደረጃ የማያውቅ።

«አባዬ፣ ትንሽ እንረፍ» አለ።

አባዬ ቆመ፤ እንደተነገረው አልዞረም፤ ወደ ፊቱ እያየ ተናገረ። በትንሿ ድምፁ ነው የተናገረው፤ ግን ሁላችንም ዝም ብለን ስለነበር ተሰማ።

«ደከመህ? ምድር ቤት ይፈለግልህ?»

እትዬ በሳቅ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ወንድሜም እየሳቀ እንደሆነ ወይም እያለቀሰ ከኋላው አላየሁም፤ ትከሻው ብቻ ይነቃነቅ ነበር።

ላይ ስንደርስ አባዬ ስምንቱን መስመር አልፎ ወደ መስኮቱ ሄዶ ተቀመጠ። ወንድሜ ፊቱ ተንበረከከ። «አባዬ፣ የት መኖር ነው የምትፈልገው?» ሲል ስልኩ ጮኸ። ከኪሱ አወጣና አጠፋው። ወለሉ ላይ አስቀመጠው። በልቤ መቁጠር ጀመርኩ። አራት። አምስት። ወንድሜ አልተነቃነቀም። ስምንት።

«እዚሁ» አለ አባዬ።

ወንድሜ ገመዱን ጠቅልሎ ወረደ። ከሰዓት በኋላ ያው ጭነት መኪና ከሥራ ቤቱ ብረት ጭኖ ተመለሰ። የሕንፃውን ኮሚቴ አስፈቅዶ በደረጃው ግድግዳ በኩልም የእጅ መያዣ ገጠመ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው የእትዬን መስኮት ለክቶ የኳስ መከላከያ የሽቦ መረብ ሠራላቸው። እትዬ «መረጃ ክፍሉስ?» ሲሉት «እሱን በብየዳ አልችለውም» አላቸው።

አሁን ጠመኔው በቢጫ ፕላስተር ተተክቷል። ሁሉም ቀን እንዲህ ያማረ አይደለም። መድኃኒቱ ሲዘገይ መስመሩም የማይረዳበት ጊዜ አለ፤ ሕመሙም ባለበት አይቆምም፤ አንድ ቀን ደረጃው በእውነት ይከብደው ይሆናል። ያን ቀን እንደገና እንጠይቀዋለን፤ ቅንድቡን ሳይሆን እሱን። እስከዚያ ግን ጠዋት ጠዋት ወደ ክፍል ልሄድ በሩን ስዘጋ ከኋላዬ «ኧረ ያ ሰውዬ ፍሬቻ!» የሚል ትንሽ ድምፅ እሰማለሁ፤ እና ሰባ ሁለቱን ደረጃ እየሮጥኩ እወርዳለሁ።

አሁን የቤት ሥራ ልስጣችሁ። በር ላይ ወይም መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ የቀረ ሰው ስታዩ አትጎትቱት፣ አትጩኹበትም። አጠገቡ ቁሙ፤ ጫማችሁን ከእግሩ ፊት አግድም አኑሩና «ይህንን ተሻገር» በሉት። እግሩ ላይነሣ ይችላል፤ ያኔም አብራችሁት ቁሙ። ፊቱ የማይናገር ሰው ቤታችሁ ካለ ደግሞ ዛሬ አንድ ነገር ጠይቁት፤ ስልካችሁን አጥፉና በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። እባካችሁ ሞክሩት፤ አሥር ከመድረሳችሁ በፊትም አታቁሙ።